እናታችሁ ጸሎቷን መርሳት ስትጀምር፦ የመርሳት ሕመም ያለበትን ወላጅ በእምነት ለማጽናናት ዝርዝር መመሪያ

ሽሮው ሲያር፣ ቁልፍ ሲጠፋ፣ የልጅ ልጅ ስም ሲምታታ ቤተሰብ ይስቃል። «እማዬ ደግሞ ጃጀች» ይባላል። ሳቁ የሚቆመው ዕድሜዋን ሙሉ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ቡና የማትቀምስ እናት «አባታችን ሆይ» ብላ ጀምራ መሀል ላይ ስትቆም ነው። ልጆቿ ይደነግጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን የምትፈራው እሷው ናት።

ይህን የጻፍኩት እናት፣ አባት ወይም አያት ለምታስታምሙ ነው። «እሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ለአባትም ያው ነው። ልማዱ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ቤት ልማድ ነው። ለወንጌላውያን ቤተሰቦች የሚለየውን ወደ ኋላ ላይ ለብቻው አነሣዋለሁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ይኼን ያዙ፦ ጸሎቷን አትጠይቋት፣ አስጀምሯት።

1. መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዷት

አንዳንዱ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው መተት ነው፣ ቡዳ ነው ይላል። ሁለቱም ጊዜ ያባክናሉ። የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) የአንጎል ሕመም ነው። ከዓይነቶቹ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ሕመሙን ለሐኪሞች ጉባኤ ካቀረበው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እስካሁን ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም።

ነገር ግን የመርሳት ሕመም የሚመስሉ፣ ሲታከሙ የሚሻላቸው ችግሮች አሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አንዱ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የሌላ ሕመም ኪኒኖችም እንዲህ ያደርጋሉ። ጆሮዋ ስለደከመ ብቻ የረሳች የምትመስልም አለች። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከገባት ወይም ከቀባዠረች ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አጣዳፊ ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን አሳዩዋት።

«ጸበል እያለ ምን ሐኪም ያስኬዳል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በ1999 ዓ.ም. ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚያ ዘመድ ይህን ንገሩት። እንቢ ካለ የንስሐ አባቷን አነጋግሩ። ከእናንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል።

2. ፍርሃቷን ቁጭ ብላችሁ አውሩት

በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ያለች እናት እየረሳች መሆኑን ታውቃለች። ትደብቀዋለች እንጂ። ደጋግማ ባታወራውም የሚያስጨንቃት ጥያቄ አለ። እግዚአብሔርንም እረሳው ይሆን? ኃጢአቴን እንኳ ለመናዘዝ ሳላስታውስ ስቀር ምን እሆናለሁ? ይህን «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብላችሁ አትዝለሉት።

ለእኔ ትልቁ መልስ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምታደርገው ነገር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ሕፃኑ የራሱን ስም አያውቅም፣ ጸሎተ ሃይማኖት አልደገመም። በእሱ ፈንታ የሚመልሱለት የክርስትና አባቱ ናቸው። ማንም «አላወቀም» ብሎ ከደጅ አልመለሰውም። ምንም ሳያውቅ የተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን፣ አውቆ ኖሮ በሕመም የረሳውን አትጥልም። ይህን በራሳችሁ ቃል ንገሯት። ልጆቿን አቅፋ ያስጠመቀች እናት ናትና ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 49 ቁጥር 15 እና 16ንም አንብቡላት። እናት ልጇን ልትረሳ እንደምትችል ቃሉ ሳይሸሽግ ይናገራል። ከዚያ «እኔ ግን አልረሳሽም» ይላል፣ «በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ» ይላል። በመስቀል አጠገብ የነበረው ወንበዴም ጌታን የለመነው «አስበኝ» ብሎ ነው። አስታውስሃለሁ ብሎ ቃል አልገባም፤ ጊዜም አልነበረው። «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» ስትሏት ዜማውን ሳታውቀው አትቀርም።

በዚሁ ወቅት ሌላም መደረግ ያለበት አለ። ንስሐ መግባት ከፈለገች አሁን ትግባ። መቁረብ ካሰበች አሁን ይታሰብ። ኑዛዜ፣ የእድር መዋጮ፣ መቀበር የምትፈልግበት ደብር፣ ስለ ሕክምናዋ ማን እንዲወስን እንደምትፈልግ፣ ሁሉም ይነሣ። አገራችን ላይ ይህን ማንሣት ሞት መጥራት ይመስላል። ሆኖም አንድ ዓመት ቆይታችሁ ብትጠይቋት መልሱን ላታገኙት ትችላላችሁ። እሷም ብዙ ጊዜ ከእናንተ በተሻለ ድፍረት ታወራዋለች።

3. ደብተር ግዙ

አንድ ደብተር የጸሎት ታሪኳ ይሁን። መጀመሪያ የክርስትና ስሟን ጻፉ። ወለተ ማርያም ትሁን ወለተ ሚካኤል የማያውቅ ልጅ ሞልቷል። ቄሱ ለጸሎት የሚጠይቁት ግን እሱን ነው። ቀጥሎ የተጠመቀችበትን ደብር፣ የተሳለችበትን ታቦት፣ የማኅበሯንና የሰንበቴዋን ቀን፣ የንስሐ አባቷን ስልክ አስፍሩ።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትለው ምንድን ነው? አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ ነው የምትለው በአማርኛ? ዳዊት ስትደግም ተቀምጣ ነው ቆማ? ስትቸገር የምትጠራው ማንን ነው፣ እመቤታችንን፣ ገብርኤልን፣ ጊዮርጊስን? ልጅ ሳለች ያደገችበት ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነ በዚያ ቋንቋ የምታውቀው መዝሙር አለ ወይ? ሕመሙ ሲገፋ ብዙ ሰው በኋላ የተማረውን ቋንቋ እየተወ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ያስፈልጋል። እሷ የጠፋትን የማኅበር ጓደኞቿን ጠይቁ። ልጆቿ የማያውቁትን እነሱ ያውቃሉ።

አሁኑኑ ደግሞ ድምፅዋን በስልክ ቅዱ፣ እሷው ፈቅዳ። ስትጸልይ፣ ስትመርቅ፣ የልጅነት መዝሙር ስታዜም። ነገ መልሳችሁ የምታሰሟት የራሷን ድምፅ ነው። ምርቃቷን በተለይ አትርሱ።

4. የየዕለቱን ጸሎት እንዲህ አድርጉት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ሕመሙ ቀድሞ የሚነካው የቅርብ ጊዜ ትውስታ የሚያዝበትን የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው ቁርስ መብላቷን የምትረሳው። በልጅነት የተሸመደደ፣ በዜማ የተያዘ፣ በእጅና በጉልበት የተለመደ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ረጅም ይቆያል። የድሮ የቄስ ተማሪ የነበረን አባት አስቡት። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ወንጌል አልፎ ዳዊት የደገመው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ያ ሰው ዛሬ የልጁ ስም ሊጠፋው ይችላል። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ» ብላችሁ ብትጀምሩለት ግን «በምክረ ረሲዓን» ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ዓይናችሁ እያየ ሌላ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ምረጡና ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት አድርጉት፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሥዕለ አድኅኖ ፊት። ቴሌቪዥኑን ዝጉ። መነጽሯን አድርጉላት። የመስማት መርጃ መሣሪያ ካላት ይሠራ እንደሆነ እዩ። ነጠላዋን አልብሷት። የነጠላው አለባበስ ራሱ «አሁን ጸሎት ነው» ይላታል። በተሻለ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ተቀመጡ፣ እጇን ያዙ፣ አማትቡ። እጇ ካልተነሣ እናንተ በእጇ አማትቡላት።

አሁን ጀምሩ። በዝግታ «አባታችን ሆይ» በሉ። «በሰማያት የምትኖር» ከማለታችሁ በፊት ትንሽ ቁሙ። ከቀጠለች እናንተ ዝቅ ባለ ድምፅ ተከተሉ። ካልቀጠለች ዐረፍተ ነገሩን ጨርሱትና በሚቀጥለው ላይ እንደገና ቁሙ። «እስቲ ቀጥዪ»፣ «ረሳሽው እንዴ?» የሚሉት ቃላት ከዚህ ቤት ይጥፉ። ልጆች ከፍቅር ብዛት ፈተና ያደርጉታል። «እማዬ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን በይልኝ እስቲ» ይላሉ። ስትወድቅ ማፈሯ ለቀኑ ሙሉ ይተርፋል። ለምን እንዳዘነች እንኳ ሳታውቅ ታዝናለች፤ ነገሩ ይረሳል፣ ስሜቱ ግን አብሯት ይውላል።

ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ መሆኑ እዚህ በጣም ይጠቅማል። የሰኞን ሰኞ፣ የማክሰኞን ማክሰኞ። ሙሉውን ማድረስ ግዴታ አይደለም። አንድ ክፍል፣ ከዚያም «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ይበቃል። ከዳዊትም ሁለት ሦስት መዝሙር መርጣችሁ እነዚያኑ ደጋግሙ። መዝሙር 22፣ በሌላው አቆጣጠር 23፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው አጭር ስለሆነ ይመቻል። መዝሙር 70 (71) ቁጥር 9 ላይ ደግሞ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚል ልመና አለ። አዲስ ጸሎት ለማስተማር አትሞክሩ። ጊዜው የአዲስ ነገር አይደለም።

ከተሳሳተች አታርሟት። የማርያምን ከሚካኤል ብትቀላቅል፣ መሀሉን ዘልላ መጨረሻው ላይ ብትደርስ ማን ተጎዳ? አንዱን ጸሎት ደጋግማ ስትል ብትውልም ተዋት። መቁጠሪያ ስጧት። ቁጥሩ ቢጠፋባት ግድ የለም፤ እጇ ሥራ አገኘ፣ አፏ «እግዚኦ መሐረነ» አለ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከደከማት ደግሞ «አሜን» ብላችሁ ዝጉት። ረጅም ጸሎት የጸሎት ፍቅርን ሊያስጠላ ይችላል፣ ለጤነኛም ጭምር።

ስለ ጧፍና ከሰል ጠንከር ብዬ ልናገር። እናት ብቻዋን ጧፍ አታብራ። ብዙ ጊዜ ጧፉን ለኩሳ ትረሳዋለች፣ ነጠላው ደግሞ ጥጥ ነው። በባትሪ የሚበራ ሻማ ግዙላት፤ ቅር የሚለው እሷን ሳይሆን እናንተን ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይጨስ። ስለ ዕጣን ሌላም ነገር አለ። ማሽተት በአልዛይመር ቀድመው ከሚደክሙ ስሜቶች አንዱ ነው። «ዕጣኑ ያስታውሳታል» ብላችሁ በእሱ ብቻ አትመኩ። ዜማ ይሻላል። የከበሮና የጸናጽል ድምፅ ያለበት የድሮ ዝማሬ ስትሰማ እጇ ሲያጨበጭብ ታያላችሁ።

ቀኑን በቁጥር ከመንገር በታቦት ንገሯት። «ዛሬ ቀኑ 12 ነው» ከምትሏት «ዛሬ ሚካኤል ነው» በሏት። 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። በዚህ አቆጣጠር ስትኖር የኖረች ሴት ናት፣ በግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ይልቅ ይኼ ይጨበጥላታል።

5. ሲመሽና ሲከፋት

ፀሐይ ስትጠልቅ ብዙዎቹ ይረበሻሉ። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች፣ በገዛ ቤቷ ቁጭ ብላ። ሳይጨልም መብራት አብሩ፣ መጋረጃ ዝጉ። የሠርክ ጸሎቱንም ቀደም አድርጉት፣ ከተረበሸች በኋላ ሳይሆን በፊት።

«እናቴ የት ናት?» ብላ ስትጠይቅ «እማዬ፣ አያቴ እኮ ከሞተች ቆይታለች» አትበሏት። መርዶውን እንደ አዲስ ትሰማዋለች። በማግስቱ ደግሞ ትጠይቃለች። ውሸት መናገርም የለባችሁም። «ናፈቀችሽ አይደል? እስቲ ስለ እሷ ንገሪኝ» በሏት። የእናቷን የክርስትና ስም ካወቃችሁ በጸሎቱ ውስጥ ጨምሩት። በቤተ ክርስቲያን የሞቱትም የቆሙትም በአንድነት ይታሰባሉና ማንንም አልዋሻችሁም።

«ብሬን ሰረቁኝ» ማለትም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚወድቀው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ሠራተኛዋን አስቀድማችሁ አስረዷት፣ አትፍረዱባት። ጸሎተኛ የነበረች እናት ስትራገም ወይም «አልጸልይም፣ ተዉኝ» ስትልም ልባችሁ አይሰበር። የሚራገመው ሕመሙ ነው። በዚያን ሰዓት መስቀል ይዞ ፊቷ ላይ መቆም፣ «ምን ገባባት?» ማለት ይበልጥ ያስፈራታል። ውጡ፣ ቆይታችሁ ተመለሱ፣ ሌላ ነገር አውሩ።

6. ቤተ ክርስቲያን መውሰድ

መውሰዱን አትተዉ፤ አወሳሰዱን ለውጡ። የእሑድ ቅዳሴ ረጅም ነው፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። በአዘቦት ቀን ጠዋት የሚደርሰው ጸሎተ ኪዳን አጭርና ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ ጀምሩ። ቅዳሴ ከሆነም ሁሉንም ማስቀደስ የለባትም። ቅጽሩ ውስጥ ጥላ ሥር ወንበር ይዛችሁ ድምፅ ማጉያውን መስማት ይበቃል።

ወንድ ልጅ እናቱን ሲወስድ ችግር ይገጥመዋል። የሴቶች መቆሚያ ለብቻው ስለሆነ አጠገቧ ሊቆም አይችልም። እህት፣ ጎረቤት ወይም የማኅበር ጓደኛ ቀድማችሁ ያዙ። ጫማ ስታወልቅ ጫማውን እናንተ ያዙት፤ በሰው ጫማ ሄዳ ጠብ ሲነሣ አይቻለሁ። በቅዳሴ መሀል ጮክ ብላ የምታወራ ከሆነ አስቀድማችሁ ለአንዱ ዲያቆን ንገሩ። የሚያፈጥ ምእመን ቢኖርም አያባርራችሁ።

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሌሊት ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የኖረች እናት፣ እግሯ ያንን መንገድ ለብቻዋ ይወስዳታል። በሩ ላይ ስትከፈት የምትደውል ትንሽ ቃጭል ስቀሉ። ስልክ ቁጥራችሁን በነጠላዋ ጥለት ስር በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ስፉት። የአጥቢያውን ዘበኛ፣ በደጁ የሚቀመጡትን የኔ ቢጤዎች፣ ጧፍና ዕጣን ሻጮቹን አስተዋውቋቸው። ማለዳ እዚያ ያሉት እነሱ ናቸው። ከማንም ቀድመው ያገኟታል።

7. ጾም፣ ጸበል፣ ቁርባን

እነዚህን ሦስቱን ለብቻችሁ አትወስኑ። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ።

በጾም በኩል ሁለት ዓይነት ችግር ይመጣል። አንዷ ጾሙን ረስታ ዓርብ ቀን እንቁላል ትበላለች። ይኼ ቀላል ነው፣ ዝም በሉ። ሌላዋ ግን ሁልጊዜ ሁዳዴ ይመስላትና «ጾም ነው» ብላ ምግብ አትነካም። የስኳር መድኃኒት እየወሰደች ካልበላች ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ እሷ ግን ከልጅ አትሰማም። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ ብዪ» ሲሉ ድምፃቸውን በፈቃዳቸው በስልክ ቅዱት። ምሳ ሰዓት ላይ አሰሟት። እንዲህ ያለ መላ የተሳካላቸው ቤተሰቦች አሉ።

ጸበል በቤት ይበቃል ባይ ነኝ። ሩቅ ሄዶ ጸበልተኞች መሀል በማታውቀው ቤት መክረም ግራ መጋባቱን ያብስባታል። በሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ፣ የሚያንሸራትት ድንጋይ፣ የአሮጊት ዳሌ፣ አንድ ላይ አይሄዱም። አስሮ ማስጠመቅማ ፈጽሞ። አስመጥታችሁ ግንባሯን አብሱላት፣ እጇን አርጥቡላት። ስትጠጣ የምታስላት ከሆነ መዋጥ እየከበዳት ነውና ለሐኪም ንገሩ። ቀና አድርጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ስጧት። በግድ አታጠጡ። ውኃው ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

ስለ ቁርባን ካህኑ የሚያውቁት ነገር ስላለ ለእሳቸው ተዉት። እናንተ እውነቱን ንገሯቸው፦ ምን ያህል ይገባታል፣ መዋጥ ትችላለች ወይ፣ ከመቁረቧ በፊት ያለውን ጾም ትችላለች ወይ።

ለወንጌላውያን ቤተሰቦች

የምትለወጠው ጸሎቷ ናት እንጂ ዘዴው ያው ነው። የተሸመደደ ጸሎት ስለማይበዛ ዋናው መያዣ መዝሙር ነው። የአሁኑን ሳይሆን እሷ ጌታን ያገኘችበትን ዘመን መዝሙር ፈልጉ። አዝማቹን ጀምሩላት። ያሰመረችባቸውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶች ከራሷ መጽሐፍ አውጥታችሁ በትልቅ ፊደል ጻፉ። የቤት ኅብረቱ ሲመጣ ሁለት ሦስት ሰው ይምጣ፤ ሃያ ሰው በአንዴ ጮክ ብሎ ሲጸልይባት ትሸበራለች። «እምነት ቢኖራት ትፈወስ ነበር» የሚል ሰው ካለ በትሕትና በር አሳዩት። ሮሜ 8፥26 መንፈስ ድካማችንን እንደሚያግዝ፣ እንዴት እንደምንጸልይ ለማናውቀው እንደሚማልድልን ይናገራል። ለዚህ ሕመም ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም።

8. ልጆቿ ውጭ አገር ከሆናችሁ

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ደውላችሁ «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» አትበሉ። «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፣ መርቂኝ» በሉ። ስማችሁን ብትረሳው እንኳ መመረቅ ትችላለች። ምርቃት በጣም የሚቆይ ነገር ነው። በአንድ ቋሚ ሰዓት ደውሉና አብራችሁ አንድ አባታችን ሆይ በሉ።

እናታችሁ እዚያው ውጭ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ካለች ደግሞ ከደብተሩ አንድ ገጽ በአገሩ ቋንቋ ጽፋችሁ አልጋዋ አጠገብ ለጥፉ። ማዕተቧ ጌጥ ስላልሆነ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ እንዳይበጠስ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ሲቀርብላት ለምን እንደምትገፋ። እጇን ግንባሯ ላይ ስታደርግ ራሷን አሟት ሳይሆን እያማተበች ሊሆን እንደሚችል። ነርሶቹ ከነገሯችኋቸው ያከብሩታል፤ ካልነገራችኋቸው በምን ያውቃሉ?

9. ቃል ሲያልቅባት

መጨረሻው ላይ ንግግር ይጠፋል። ያን ጊዜ ጸሎቱ የእናንተ ነው፣ እሷ ትሰማለች ብላችሁ ቀጥሉ። ዝግ ባለ ድምፅ በጆሮዋ፣ አጭር፣ የታወቀውን። ቄሱ መስቀል ያሳልሟት። ምሥጢረ ቀንዲል እንዲፈጸምላት ጠይቁ። ይህ ለሕሙማን የተሰጠ ምሥጢር ነው፣ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ያለው። ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው ሳይጠይቅ ይቀራል።

10. እናንተስ?

የምታስታምሙ ሰዎች ትቆጣላችሁ፣ ትጮኻላችሁ፣ ከዚያ ታለቅሳላችሁ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 ይህን የሚያውቅ ይመስላል። አባትህን በእርጅናው እርዳው፣ ማስተዋሉ ቢጎድልበት እንኳ ታገሠው፣ አትናቀው ይላል። ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ልጅን ሲፈትን እንደኖረ ከዚህ ይታያል። መጸለይ ሲያቅታችሁ መዝሙር 87 (88)ን አንብቡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሮሮ ነው፣ መጨረሻውም ጨለማ ነው። እንዲህ ብሎ ማልቀስ ተፈቅዷል።

እርዳታ ስትጠይቁ ደግሞ በደፈናው አትጠይቁ። እድሩም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም ለለቅሶ ይደርሳሉ፤ በሕይወት እያለች እንዲመጡ ግን መጠራት አለባቸው። «ጸልዩልን» ካላችኋቸው ይጸልያሉ፣ ቤታቸው ሆነው። «እትዬ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል አብረሻት ተቀመጪልኝ፣ የማክሰኞን ውዳሴ ማርያም አንብቢላት» ካላችሁ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ደብተሩን ስጧት። የቱ መዝሙር እንደሚያረጋጋት፣ በየትኛው ጆሮ እንደምትሰማ አሳዩአትና ውጡ። ለቅዳሴ መሆን የለበትም። እንቅልፍም ይሁን ማኪያቶ፣ እናንተ እንደመረጣችሁ።